ሳላየው አይቼው ይሆን?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ማታ ማታ ከስልኳ ላይ የምታነብልኝ ባለቤቴ ናት። «ጻፍላቸው» ያለችኝም እሷ ናት።

37 ዓመቴ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት የብረታ ብረት ቤት አለችኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ መደርደሪያ እንሠራለን። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ሰው እየገባ ስለሆነ ሥራ አልጠፋም፣ ተመስገን። ሁለት ረዳቶች ነበሩኝ። አንደኛው አራት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ከደብረ ብርሃን አካባቢ ሲመጣ 17 ዓመቱ ነበር። ብየዳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በዓል ሲሆን እኛ ቤት ነው የሚውለው። ልጆቼ እንደ ታላቅ ወንድማቸው ነው የሚያዩት።

ጥር ላይ አንዲት የስቱዲዮ ነዋሪ መጣች። ማዕድ ቤቷ ጠባብ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ መሬት ላይ ተቀምጦ መተላለፊያውን ዘግቶባታል። ልጇ መዳህ ጀምሯል፤ ፈርታለች። «በማልጋግርበት ቀን ከመንገድ ዞር የሚልልኝ ነገር ሥራልኝ፤ ግን ምጣዱ እንዳይዘነበል፣ ሸክላው ይሰነጠቅብኛል» አለችኝ። እሺ አልኩ፣ ቀላል መስሎኝ። የሚታጠፍ እግር ሠራሁለት፤ ወላለቀ። ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ አደረግኩት፤ ምጣዱን በየጊዜው ማንሳት ሊኖርባት ነው። እንደ መሳቢያ አስቤው ነበር፤ ከነክዳኑ አይገባም። ሦስት ሳምንት ደከምኩበት።

አንድ ሌሊት ጋደም ብዬ ሳለሁ ብልጭ አለልኝ። በልጅነቴ አያቴ ቤት የግቢው በር ላይ ተንጠልጥዬ እወዛወዝ ነበር። ያ በር ታየኝ። በሩ ላይ ምጣዱ ተቀምጧል! ተነስቼ በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ነደፍኩት። በነጋታው ግድግዳው ላይ አንድ የቱቦላሬ ቋሚ አቆምኩ፤ በሁለት ማጠፊያ የሚዞር ክንድ፣ ክንዱ ላይ ምጣዱ የሚያርፍበት ክብ አደረግኩ። ምጣዱ እንደተዘረጋ እንደ በር ዞሮ ጥግ ይገባል። ሴትዮዋ ደስ አላት። ጎረቤቶቿም መጥተው አዩት። አሁን 12 ትእዛዝ አለኝ፤ የሁሉንም ቀብድ ተቀብያለሁ።

ያ አራት ዓመት አብሮኝ የሠራው ልጅ የመጀመሪያውን ቀለም ስንቀባ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኔ ሥዕል ነው» አለኝ። ሳቅኩ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። «ቆርቆሮው ላይ በጠመኔ ሥዬው የለም እንዴ? በየቀኑ እያየኸው!» አለኝ። ደንበኞች ቆመው ነበር። ተናደድኩ። «ማርያምን አላየሁም!» ብዬ ማልኩ። አንድም ቃል አልመለሰልኝም። ጓንቱን አወለቀ፣ ምሳ ዕቃውን አነሳ፣ ሄደ። አሁን አስፋልቱ ዳር ያለ ሌላ ብረት ቤት ተቀጥሯል።

ከሳምንት በኋላ ከበርሜሉ ውኃ እየቀዳሁ እጄን ስታጠብ ቀና አልኩ። እትዬ፣ ሥዕሉ እዚያ ነው። ግማሹን የውኃ ፍንጣቂ አጥፍቶታል። ቋሚው አለ። ክንዱ አለ። በር ሲከፈት የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳይ ግማሽ ክብና ቀስት አለ። እኔ እዚያ በርሜል ላይ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እታጠባለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቀው። እግሬ ከዳኝ። ግን እውነቴን ነው፣ ማየቴን አላስታውስም።

ባለቤቴ «አይተኸዋል፣ ረስተኸው ነው» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ «ረዳትህ አይደል? አንተ ቤት ያሰበው ሁሉ ያንተ ነው፣ ዝም በል» ይለኛል። 12ቱን ገና አልጀመርኳቸውም። ብረቱን ለመቁረጥ ግራይንደሩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሰው ሳያይ ያያል? ሌባ ነኝ? ሄጄ ባናግረው «ሰርቆ ኖሯል» አይባልም? መሐላውስ?

ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ውስጥ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የሰው ቀብድ በእጅህ እያለ ግራይንደሩን እያነሳህ መልሰህ ማስቀመጥህ ነው። የሰረቀ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ ቶሎ ሠርቶ ቶሎ ይሸጣል። ስለዚህ «ሌባ ነኝ?» ለሚለው ጥያቄህ የኔ መልስ አይደለህም ነው። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ልጁ የተናገረው ግን ከዚህ ጋር አብሮ እውነት ሊሆን ይችላል። የከበደህም ይሄ ይመስለኛል፤ ሁለታችሁም እውነት ተናግራችሁ ሊሆን ይችላል።

ሰው ሳያይ ያያል ወይ ብለሃል። አዎ፣ ያያል። እንዲያውም ያንተን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ አንድ በጣም የሚመስለው ነገር አለ። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኖርማን ማየር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1931 አሳተመው። ከአንድ ትልቅ ክፍል ጣሪያ ላይ ሁለት ገመድ አንጠለጠለ፤ አንዱን መሃል ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው አጠገብ። ሰዎችን አንድ በአንድ እያስገባ «የሁለቱን ገመድ ጫፍ እሰሩ» አላቸው። ችግሩ አንዱን ገመድ ይዘው ሲሄዱ ሌላው ጋ አይደርሱም። ክፍሉ ውስጥ ዘንግ፣ ወንበር፣ ፒንሳ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ነበረ። ሰዎቹ አንዱን ገመድ በወንበር ያዙት፣ ወይ በኤሌክትሪክ ገመድ አስረዘሙት፣ ወይ በዘንግ ሳቡት። ማየር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ «ደግ፣ አሁን ደግሞ በሌላ መንገድ» ይላቸዋል። እሱ የሚፈልገው ሌላ መፍትሔ ነበር። ከአንዱ ገመድ ጫፍ ላይ ፒንሳውን አስረው ማወዛወዝ፣ ከዚያ ሌላውን ይዘው መጠበቅና ወደ እነሱ ሲመጣ መያዝ።

ሰው ሲያቅተው ማየር ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ሲያልፍ ሳያስበው የነካው ይመስል ገመዱን ገፋ ያደርገዋል። ገመዱ ትንሽ ይወዛወዛል። በቃ፣ ይኸው ነው ፍንጩ። ብዙዎቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መልሱን አገኙት። ከዚያ «እንዴት አሰብከው?» ተብለው ሲጠየቁ አብዛኞቹ ገመዱ ሲወዛወዝ አየሁ አላሉም። «ድንገት መጣልኝ» ነው ያሉት። አንዱ፣ ራሱ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር የሆነ ሰው፣ ወንዝ ስለመሻገር እያሰበ እንደነበረ ተናገረ። ዝንጀሮዎች ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ ታዩት። ሥዕሉና መልሱ አንድ ላይ መጡለት።

ወንድሜ፣ ያ ሰው አልዋሸም። ዝንጀሮዎቹ ታይተውታል። አንተም አልዋሸህም። የአያትህ በር ታይቶሃል። ግን የሚወዛወዘውን ገመድ ከሰውየው ዓይን በስተኋላ የሆነ ቦታ ያቆየው አንድ ነገር ነበር። ያንን ምሽት የልጅነትህን በር ከስንትና ስንት ትዝታ መሃል መርጦ ያወጣልህስ ምን ይሆን? አያትህ ቤት በር ብቻ አልነበረም። ጎተራ ነበረ፣ ምድጃ ነበረ፣ አልጋ ነበረ። የመጣልህ ግን በማጠፊያ የሚዞረው ነው። ይህን የምልህ ልፈርድብህ አይደለም። እንድታስበው ነው።

ሥዕል ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያደርግ የሚያሳይ ሌላም ሥራ አለ። ካርል ዱንከር የሚባል ጀርመናዊ ያወጣው የታወቀ እንቆቅልሽ ነው። አንድ ሰው ሆዱ ውስጥ ዕጢ አለበት። በጨረር ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ዕጢውን የሚያጠፋ ኃይለኛ ጨረር በመንገዱ ያለውን ጤነኛ ሥጋ ያጠፋል። መልሱ ደካማ ደካማ ጨረሮችን ከተለያየ አቅጣጫ ልኮ ዕጢው ላይ ብቻ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ግራንትና ስፓይቪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ከቀላል ሥዕል ጋር ሰጡ፤ መሃል ላይ ዕጢ፣ ዙሪያውን ቆዳ። ለአንዳንዶቹ የቆዳው መስመር ትንሽ እንዲርገበገብ አደረጉት። መስመሩ መልሱን አልተናገረም። ዓይናቸውን ወደ ዳር ሳበው እንጂ። ሥዕሉ ዝም ያለላቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲመልሱ፣ የቆዳው መስመር ከተርገበገበላቸው ግን ሁለት ሦስተኛው መለሱ። ዓይን አንድ ቦታ ደጋግሞ ካረፈ ሐሳብም ይከተለዋል። መብራት ጠፍቶ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለህ የጠበቅክባቸውን ሰዓቶች አስባቸው።

እዚህ ላይ ግን ሚዛኑን እንዳታጣው እፈራለሁ። ሰፈር ውስጥ «ስውር ሥዕል አሳይቶ ሐሳብ ጭንቅላትህ ውስጥ ይከተታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ወሬ ሥሩ የተበላሸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጄምስ ቪካሪ የሚባል የማስታወቂያ ሰው በሲኒማ ቤት ማንም በማያስተውለው ፍጥነት «ፈንዲሻ ብሉ» የሚል ጽሑፍ አሳይቼ ሽያጩን ጨመርኩ ብሎ ዓለምን አስደነገጠ። በኋላ፣ በ1962፣ በእጁ የነበረው መረጃ እዚህ ግባ የማይባል እንደነበረ ራሱ ተናገረ። ፍንጭ ባዶ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ሥራ አይሠራም። ማየር ጋ ከገቡት 61 ሰዎች 24ቱ ያለ ምንም እገዛ ፈቱት። 23ቱ ከፍንጭ በኋላ አገኙት። 14ቱ ግን ፍንጭ ተሰጥቷቸውም አልሆነላቸውም። እነዚያ 14ቱም የሌሎቹን ያህል ዓይን ነበራቸው።

አንተ ሦስት ሳምንት ደክመሃል። የወላለቀው እግር፣ የማይመቸው ማጠፊያ፣ ያልገባው መሳቢያ ድካምህ ናቸው። ጭንቅላትህን ለዚያ ቀስት ያዘጋጁት እነሱ ናቸው። ቤትህ የሚገባ ደንበኛ ሁሉ ያንን ቆርቆሮ ያያል፤ አንዱም ምጣድ ማስቀመጫ አልሠራበትም። ልጁም ራሱ ሥሎት ሳለ ብረት አልቆረጠለትም። ስለዚህ «ሁሉም የሱ ነው» ብለህ ራስህን ከመሬት አትደባልቅ። ማጠፊያው የምጣዱን ክብደት እንዲችል ያደረገው ያንተ እጅ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን ልንገርህ። ሥዕሉን ካየህ በኋላ «ከዚህ ነው የወሰድኩት» ብለህ በልብህ ደምድመሃል። እሱም ቢሆን እርግጥ አይደለም። ማየር ለአንዳንዶቹ ሰዎች መጀመሪያ የማይረባ ፍንጭ ሰጣቸው። ገመድ ላይ የታሰረ ክብደት በእጁ አሽከረከረ። ይህ ብቻውን ማንንም አልረዳም። ቀጥሎ እውነተኛውን ፍንጭ፣ የገመዱን መወዛወዝ አሳያቸው፤ አገኙት። ምን ረዳችሁ ሲባሉ ያ የማይረባው እንደረዳቸው ተናገሩ። ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ይህንንና መሰል ሥራዎችን ሰብስበው ያሳዩት ነገር አለ። ሐሳባችን ከየት እንደመጣ ስንጠየቅ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ተመልክተን አናነብም። አሳማኝ የሚመስለውን ምክንያት ነው የምንናገረው። ይህ ላንተ ይሠራል። ለባለቤትህም ይሠራል። ለልጁም ይሠራል። «አይተኸዋል፣ ረስተኸው ነው» የሚለውን እሷ ልታውቅ አትችልም። «አላየሁም» የሚለውንም አንተ ልታውቅ አትችልም። ማንም ሰው ያንን ሌሊት ተመልሶ ገብቶ ሊያየው አይችልም።

ለዚህ ነው ይህን ጥያቄ ዳኛ ማድረግህን እንድታቆም የምለምንህ። «አይቼዋለሁ ወይስ አላየሁትም» እያልክ ዓመት ብትቀመጥ መልስ አታገኝለትም። ይልቅ በእርግጠኝነት የምታውቀውን ያዝ። ሥዕሉ እዚያ ነበረ። ከሠራኸው ጋር አንድ ነው። የሣለው እሱ ነው። አንተ ከመሥራትህ በፊት ነው የተሣለው። አንተም በየቀኑ ፊቱ ቆመሃል። ይሄ ሁሉ ያለ መሐላ የሚነገር ነገር ነው።

አሁን ልጠይቅህ። ስለ ራስህ ብለህ መልስልኝ፤ ለኔ መላክ የለብህም። ልጁ ያንን ሐሳብ በአፉ ለምን አልነገረህም? ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትደክም እያየ ለምን በጠመኔ ቆርቆሮ ላይ ሣለው? አራት ዓመት «ጋሼ» እያለ የሠራ ልጅ ጌታው ግራ ሲገባው «እንዲህ ብናደርገውስ» ለማለት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቀዋል? ከዚህ በፊት አንድ ነገር ተናግሮ ዝም ያሰኘኸው ጊዜ ነበረ? እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ ላላውቅ እችላለሁ። ግን ያ ሥዕል ተደብቆ የተሣለ አይመስለኝም። እጅህን የምትታጠብበት ቦታ ላይ ነው የሣለው። እንድታየው ፈልጎ ነበር ብዬ አስባለሁ። አንተ ያንን ምጣድ በማጠፊያ ስታዞረው ሲያይ ምናልባት መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ «ጋሼ አየልኝ» ብሎ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረህ። አንተም ሳቅክ።

ሳቅህ ክፋት አልነበረውም። ቀልድ መስሎህ ነው። ለሱ ግን የመሐላው ቃል ሳይደርስ ያ ሳቅ ቀድሞ የደረሰው ይመስለኛል። ጓንቱን አውልቆ የሄደው ስለ ገንዘብ አልተናገረም። በደብዳቤህ ውስጥ አንድም ቦታ «ድርሻዬን ስጠኝ» አላለም። «የኔ ሥዕል ነው» ብቻ ነው ያለው። እባክህ ይህንን ደጋግመህ አስበው።

ስለ መሐላው። በማርያም ስም ምለህ እንቅልፍ ማጣትህ እምነትህን የምታከብር ሰው መሆንህን ይነግረኛል። ያን ጊዜ የማልከው ልብህ የሚያውቀውን ነው፤ ዋሽተህ አልማልክም። ሆኖም ልታውቀው በማትችለው ነገር ነው የማልከው። ይህንን ለንስሐ አባትህ እንደዚህ አድርገህ ንገራቸው፤ የነፍስህን ነገር ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ለልጁ ደግሞ በራስህ አፍ «ያን ቀን መማል አልነበረብኝም» በለው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ብዙ ትሠራለች።

ጓደኛህ የሰጠህን ምክር አልወደድኩትም። «አንተ ቤት ያሰበው ሁሉ ያንተ ነው» ማለት ለሥራው ከከፈልኩት ጭንቅላቱንም ገዝቻለሁ ማለት ነው። ቀኑን ከፍለህበታል፣ እውነት ነው። ብረት ሲቆርጥ፣ ሲበይድ፣ ቀለም ሲቀባ የዋለበትን ከፍለሃል። መብራት ጠፍቶ ሁላችሁም እጃችሁን አጣጥፋችሁ በተቀመጣችሁበት ሰዓት ጠመኔ አንስቶ ያሰበውን ግን ማንም አላዘዘውም። ደግሞ ዝም ብትል የሚሆነውን አስብ። ሁለተኛው ረዳትህ ይህን ሁሉ አይቷል። ከእንግዲህ አንድ ነገር ቢያስብ ይነግርሃል? ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ትልቅ ይምሰሉ እንጂ ብረት ቤት ለብረት ቤት ይተዋወቃል። ወሬው አስፋልት ዳር ደርሷል፤ ልጁ እዚያ ነው ያለው።

«ሄጄ ባናግረው ሰርቆ ኖሯል ይባላል» ብለህ ፈርተሃል። ፍርሃትህ ይገባኛል፤ ሥራህ በስምህ ነው የሚቆመው። ግን እስቲ ገልብጠህ እየው። አንድ ጌታ የረዳቱን ሥዕል አግኝቶ፣ ራሱ ሄዶ «ያንተ ሥዕል ነው፣ አይቼዋለሁ» ሲል ብትሰማ አንተ ስለ ሰውየው ምን ትላለህ? እኔ ልጄን እሱ ጋ ለሙያ ብልክ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ምን ታደርግ ላልከው፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ዛሬውኑ፣ ሌላ የውኃ ፍንጣቂ ሳያጠፋው፣ ያንን ቆርቆሮ በስልክህ ፎቶ አንሳው። አትጠበው፣ ቀለምም አትቀባው። የልጅህን ደብተርም አስቀምጠው። ከዚያ ከመሄድህ በፊት ለራስህ አንድ ነገር ወስን፤ ከእነዚህ 12 ሥራዎች ትርፍ ለሱ ምን ያህል ነው የምትሰጠው? ብረቱን፣ ማጠፊያውን፣ ቀለሙን፣ መብራቱን ቀንሰህ ከሚተርፈው እኩል ይሁን ወይስ ሲሶ? ደንበኛ አግኝተህ፣ ሠርተህ፣ ኃላፊነቱን የያዝከው አንተ ስለሆንክ ሲሶ ብትለው አልከፋብህም። እኩል ብትልም እጅህን አልይዝም። ዋናው ነገር እዚያ ደርሰህ እንዳትከራከር ቀድመህ መወሰንህ ነው። ባለቤትህም ትወቀው፤ በኋላ ቤት ውስጥ ሌላ ጭቅጭቅ እንዳይሆን።

ሽማግሌ ይዤ ልሂድ ብለህ አስበህ ይሆናል። መጀመሪያ ብቻህን ሂድ እላለሁ። ሽማግሌ ሲያይ ልጁ በግድ እሺ ይላል፤ ትልቅ ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት አይችልም። አንተ ደግሞ የምትፈልገው ከልቡ እሺ እንዲልህ ነው። ስትደርስ ፎቶውን አሳየው። «ሥዕልህን አገኘሁት። እውነት ለመናገር ማየቴን አላስታውስም፤ ግን በየቀኑ ፊቱ እታጠብ ነበር፣ አይቼውም ሊሆን ይችላል። ስትነግረኝ መሳቄ ስህተት ነበር። መማሌም ስህተት ነበር።» ከዚያ ዝም በል። ይናደድ፣ ይናገር። «ግን እኔም ሦስት ሳምንት...» ብለህ ያንን ቀን አትጀምር። ልፋትህን እሱ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ መዶሻና ብረት ያቀበለህ እሱ ነው።

ስለ ገንዘቡ ማውራት ያለብህ እሱ የሆዱን ከተናገረ በኋላ ነው። መጀመሪያ ካነሳኸው ዝም ልታሰኘው የመጣህ ይመስለዋል። «ተመለስ» ብለህም አታስጨንቀው። አዲሱ ቤት ተመችቶት ሊሆን ይችላል፤ አራት ዓመት ያስተማርከው ልጅ ራሱን ችሎ ቢቆም ያንተም ኩራት ነው። ልትለው የምትችለው «በሬ ክፍት ነው» የምትለዋን ብቻ ነው። ቢመለስም ባይመለስም የ12ቱ ድርሻው እንዳለ ንገረው። ባይቀበልህስ? «አልፈልግም» ብሎ ፊቱን ቢያዞርስ? ያማል፣ አውቃለሁ። ድርሻውን ለይተህ አስቀምጥለትና ከወር ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሂድ። ሰው አንዳንዴ የመጀመሪያውን ይቅርታ የሚሰማው ሁለተኛው ሲመጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ከታረቃችሁ በኋላ የሚጠቅማችሁ። ይህ ነገር ከ12 ሰው በላይ የሚፈልገው ይመስለኛል፤ የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት ሁሉ ያው ነው። አገራችን ውስጥ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚባል ሕግ አለ። ትልልቅ ፈጠራን ብቻ ሳይሆን አነስተኛ ፈጠራንም ይመለከታል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት ለ5 ዓመት የሚጸና ሲሆን ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ያንተ ሥራ መስፈርቱን ያሟላ እንደሆነ የሚወስነው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። እዚያ ሄደህ ጠይቅ። ከጠየቅህ ግን ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፣ ማመልከቻው ላይም የሁለታችሁ ስም ይግባበት። ለብቻህ ሄደህ ብታስመዘግበው ያ ሥዕል መቼም አይለቅህም።

ብረት ቤትህ ውስጥ ደግሞ አንድ የላሜራ ቁራጭ ጥቁር ቅባና ግድግዳ ላይ ስቀለው። ጠመኔ አስቀምጥለት። ረዳትህ ይሣልበት፣ አንተም ሣልበት፤ ሥር ስምና ቀን ይጻፍ። ቀን ማታ የምናየው ነገር እንዲህ ሳናውቀው ከሠራብን፣ ቢያንስ ማን እንደሣለው ይታወቅ። በሳምንት አንዴ ሻይ ይዛችሁ ፊቱ ተቀመጡ። ልጆቹ በአፋቸው መናገርን ቀስ በቀስ የሚለምዱት እንዲህ ነው።

12ቱን ደንበኞችህን ግን አታስጠብቃቸው። ልጁን እስክታናግር ሦስት አራት ቀን ቢዘገይ ደውለህ ንገራቸው፤ ሰው ከተነገረው ይታገሣል። ያቺ ልጇ የሚድህባት ሴት ብቻ ሳትሆን ሌሎቹም መንገድ የዘጋባቸው ምጣድ አላቸው።

ስትሄድ ምሳ ሰዓት ላይ ሂድ። ግራይንደር እየጮኸ፣ አዲሱ ጌታው እያየው እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ከበሩ ጠራ አድርገው፤ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይውጣና የሆነ ጥላ ሥር አብራችሁ ተቀመጡ። ያንተንም ምሳ ይዘህ ሂድ።